ከከተማው ውጭ የተቀመጠው ነቢይ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ጾመ ነነዌ በመካከላችን ለማንም እንግዳ አይደለም። ከሰባቱ የአዋጅ አጽዋማት አንዱ ሆኖ ሦስት ቀን ብቻ ስለሆነ ሕፃናት ሳይቀሩ «እኔም እጾማለሁ» እያሉ እናቶቻቸውን የሚያስቸግሩበት ጾም ነው። ሰኞ ይገባል፣ ረቡዕ ይፈጸማል፤ የሚገባበትም ቀን ከጥር 17 አይቀድምም፣ ከየካቲት 21 አያልፍም። ባሕረ ሐሳብ የተማራችሁ እንደምታውቁት፣ መባጃ ሐመር የሚባለው ቁጥር ሲገኝ መጀመሪያ የሚታወቀው ነነዌ የሚገባበት ቀን ነው። በዚያ ላይ 14 ሲጨመር ዐቢይ ጾም፣ 62 ሲጨመር ሆሳዕና፣ 69 ሲጨመር ትንሣኤ ይገኛል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ የበዓላት ሁሉ ራስ የሆነው ትንሣኤ በእኛ አቆጣጠር የሚቆጠረው ከአንዲት የአሕዛብ ከተማ የንስሐ ቀን ተነሥቶ ነው። ያች ከተማ ደግሞ የእስራኤል ወዳጅ አልነበረችም፤ ጠላት ነበረች።

ይህን ጾም ከእኛ ሌላ ሶርያውያንና ግብጻውያን ኦርቶዶክሳውያን ይጾሙታል። አይሁድም በዓመታዊው የማስተሥረያ ቀናቸው ከሰዓት በኋላ ትንቢተ ዮናስን በምኩራብ ያነቡታል። ይህን ያህል የተወደደ መጽሐፍ ሆኖ ሳለ ግን እኛ በትምህርታችን ብዙ ጊዜ የምንቆመው ዓሣ አንበሪው ጋ ነው። ሕፃናቱ ዮናስ በዓሣው ሆድ ሦስት ቀን እንዳደረ፣ ነነዌም ንስሐ ገብታ እንደዳነች ይማሩና ያጨበጭባሉ፤ አራተኛው ምዕራፍ ለሌላ ጊዜ ይቆያል። የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ያለው ግን በዚያው በአራተኛው ምዕራፍ ነው። በዚህ ጽሑፍ ስለ እግዚአብሔር ፍርድና ስለ ምሕረቱ ነቢያት ያስተማሩትን የምመረምረው ከዚያ ተነሥቼ ነው።

ዮናስ ማን ነበር? መጽሐፈ ነገሥት ካልዕ በምዕራፍ 14 ቁጥር 25 እንደሚነግረን የአማቴ ልጅ፣ የጋትሔፌር ሰው ነው። በእስራኤል ንጉሥ በዳግማዊ ኢዮርብዓም ዘመን፣ ማለት ከጌታ ልደት በፊት በስምንተኛው መቶ ዓመት፣ የአገሩ ድንበር ወደ ቀድሞ ስፍራው እንደሚመለስ ተናግሮ እንደተናገረውም ሆኖለታል። እንግዲህ በአገሩ የተከበረ፣ ለወገኑ መልካም ዜና የሚያመጣ ነቢይ ነበር። ነነዌ በበኩሏ የአሦር ከተማ ናት። አሦር ማለት በዚያ ዘመን ከተማ የሚያቃጥል፣ ሕዝብን ከርስቱ ነቅሎ ወደ ሩቅ አገር የሚያፈልስ መንግሥት ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ722 ዓመት ገደማ የዮናስን አገር ሰማርያን ያፈረሰ፣ ዐሥሩን ነገድ ያፈለሰ ይኸው መንግሥት ነው። ስለዚህ ዮናስ ወደ ተርሴስ የሸሸው መንገዱ ረዝሞበት ወይም ሞት ፈርቶ ነው ብንል መጽሐፉን አላነበብነውም። የሸሸበትን ምክንያት ራሱ በምዕራፍ 4 ቁጥር 2 ይናገራል። እግዚአብሔር ቸርና መሐሪ፣ ለቁጣም የማይቸኩል መሆኑን አስቀድሞ ያውቅ ነበር። የፈራው እግዚአብሔር ነነዌን እንዳያጠፋት ሳይሆን ይቅር እንዳይላት ነው!

ይህ ቃል የዮናስ ፈጠራ አይደለም። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 34፣ እስራኤል የወርቁን ጥጃ ከሠሩ በኋላ፣ እግዚአብሔር በሙሴ ፊት ሲያልፍ ስሙን የገለጠበት ቃል ነው። እዚያ ሁለት ነገር አንድ ላይ ተነግሯል። አንደኛው ምሕረቱ ብዙ መሆኑ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ በደለኛውን እንዲያው ንጹሕ ነህ ብሎ የማይለቅ መሆኑ ነው። ነቢያት ይህን ቃል እንደ ዳዊት በቃላቸው ይዘውት ስለነበር እያንዳንዱ በየዘመኑ ጉዳይ ላይ ሲያውለው እናያለን። ኢዩኤል በምዕራፍ 2 ሕዝቡ ልብሱን ሳይሆን ልቡን እንዲቀድድ ሲጠራ የምሕረቱን ክፍል ይጠቅሳል። ሚክያስ መጽሐፉን የሚዘጋው በዚሁ ምሕረት እየተደነቀ ነው። ናሆም ግን ያንኑ ቃል ከሌላው ወገን ይዞ፣ እግዚአብሔር ለቁጣ ቢዘገይም በደለኛውን እንደማይተው ይናገራል። የሚናገረውም ስለዚያችው ስለ ነነዌ ነው። ነነዌ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ612 ዓመት በባቢሎናውያንና በሜዶናውያን እጅ ፈርሳ ቀረች። ዮናስና ናሆም የአንድ ቃል ሁለት ገጽ ናቸው ማለት ነው። አንዱን ብቻ የሚያነብ ሰው ወይ በምሕረቱ ይዘባነናል ወይ በፍርዱ ተስፋ ይቆርጣል።

አሁን አንድ ከባድ ጥያቄ ይመጣል። ዮናስ ነነዌ ትገለበጣለች ብሎ ሰበከ፤ ነነዌ ግን ያን ጊዜ አልተገለበጠችም። ታዲያ ቃሉ ሐሰት ሆነ? በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 18 የተናገረው ያልተፈጸመለት ነቢይ የእግዚአብሔር መልእክተኛ አይደለም ተብሏልና የዮናስ ክብርም ጭምር አደጋ ላይ ወድቋል። (ስለ ቀኑ ቁጥር አንድ ነገር ልጨምር። በ1954 ዓ.ም. የታተመውን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ስንመለከት ዮናስ የሰጠው ቀጠሮ እንደ ዕብራይስጡ አርባ ቀን ነው። የሰባ ሊቃናት ትርጉም ግን ሦስት ቀን ይላል። ሁለቱን ያነጻጸረ አንባቢ ግራ እንዳይጋባ ብዬ ነው።)

መልሱን የምናገኘው በትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 18 ነው። ነቢዩ ወደ ሸክላ ሠሪ ቤት ወርዶ ጭቃው ሲበላሽ ሠሪው እንደገና ሲያበጀው ያያል። ከዚያም እግዚአብሔር በአንድ ሕዝብ ላይ አፈርሰዋለሁ ብሎ ተናግሮ ያ ሕዝብ ከክፋቱ ቢመለስ ሊያደርግ ካሰበው ነገር እንደሚመለስ፣ አሠራዋለሁ ብሎ የተናገረለትም ቢያምፅ መልካሙን እንደሚያስቀርበት ተነገረው። ስለዚህ የፍርድ ቃል የሚነገረው እንዳይፈጸም ነው። ሊያጠፋ የቆረጠ አስቀድሞ መልእክተኛ አይልክም፤ ሌባ ሊሰርቅ ሲመጣ በር አያንኳኳም። የዮናስ ስብከት ራሱ፣ ምንም የምሕረት ቃል ሳይኖርበት፣ ምሕረት ነበረ። ነነዌያውያን ይህን ከነቢዩ ቀድመው ተረዱት። ንጉሡ ከዙፋኑ ወርዶ ማቅ ለብሶ በአመድ ላይ ሲቀመጥ የያዘው ማረጋገጫ አልነበረም፤ «ማን ያውቃል?» ከማለት በቀር።

በዕብራይስጡ ደግሞ አንድ የሚደንቅ ነገር አለ። ዮናስ «ትገለበጣለች» ሲል የተጠቀመበት ቃል ሀፈክ ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። ይህም ግሥ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 19 ሰዶምና ገሞራ የተገለበጡበት ነው። ነገር ግን መገልበጥ መፍረስ ብቻ ሳይሆን መለወጥም ሊሆን ይችላል። ነነዌ በእርግጥ ተገለበጠች፤ ልቧ ተገለበጠ። ሆሴዕም በምዕራፍ 11 ይህንኑ ግሥ ስለ እግዚአብሔር ራሱ ይናገረዋል። ከሰዶም ጋር የጠፉትን አዳማንና ሲባዮምን ጠርቶ፣ ኤፍሬምን እንደነሱ ለማድረግ እንዳልቻለ ይናገርና ልቡ በውስጡ እንደተገለበጠ ይነግረናል። ከተማይቱ እንዳትገለበጥ የእግዚአብሔር ልብ ተገለበጠ ማለት ነው። እኛ በአማርኛ አንጀቴ ተላወሰ የምንለው ዓይነት ነው። በዕብራይስጥ ርኅራኄ ማለት የሆነው ራሐሚም የሚለው ቃልም የእናት ማኅፀን ከሚጠራበት ሥር የወጣ ነውና፣ ነቢያት ስለ ፍርድ ሲናገሩ የሚናገሩት በዳኛ ወንበር ስለተቀመጠ ባዕድ ሳይሆን ልጁን ለመቅጣት ስለሚጨነቅ ወላጅ ነው።

እስከዚህ ያለውን ብዙዎቻችን በደስታ እንቀበለዋለን። የሚከብደው ቀጥሎ ያለው ነው።

ዮናስ ከሰበከ በኋላ ምን አደረገ? ከከተማይቱ ወጥቶ በስተ ምሥራቅ ዳስ ሠርቶ ከጥላው በታች ተቀመጠ፤ ከተማይቱ የሚደርስባትን ለማየት ነው። ወንድሞቼ ሆይ፤ እኛም የምንኖረው ከታላቅ ከተማ ውጭ ነው። ሰበታ በወጨጫ ተራራ ግርጌ በጅማ መንገድ ላይ፣ ቡራዩ በገፈርሳ በኩል በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ በጎጃም በር፣ አዲስ አበባን እንደ ዳስ ተክለን ዙሪያዋን ተቀምጠናል። ማታ ከየኮረብታው ላይ መብራቷን እያየን የኀጢአቷን ዝርዝር እናወራለን። በአንዳንድ ጉባኤ ላይ ስለ ከተማይቱ ዝሙት፣ ስለ ስካሯ፣ ስለ ፎቆቿ ትዕቢት ሲነገር እልልታው ይደምቃል። ደግሞ መዓት ሲመጣ፣ በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ወይም አንበጣ አገሩን ሲወርር፣ «ይህ የእነ እገሌ ኀጢአት ነው» የሚለው ቃል ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው ለመዛወር አንድ ሳምንት አይፈጅበትም። የሚገርመው ደግሞ እገሌ የሚባለው ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነው።

ነቢዩ አሞጽ ይህን ዓይነቱን ሰሚ አሳምሮ ያውቀው ነበር። የቴቁሔ እረኛ ሲሆን ከይሁዳ ተነሥቶ ወደ ሰሜኑ መንግሥት ሄዶ ሰበከ። ስብከቱን የጀመረው በዙሪያ ባሉት አገሮች ነው፤ ደማስቆ፣ ጋዛ፣ ጢሮስ፣ ኤዶም፣ አሞን፣ ሞዓብ። በእያንዳንዳቸው ላይ የእግዚአብሔርን ፍርድ ሲያውጅ ሰሚዎቹ ምን ያህል ደስ እንዳላቸው መገመት አያዳግትም፤ ሁሉም ጠላቶቻቸው ነበሩና። ቀጥሎ ይሁዳ ተጠራች፤ ይህም ቢሆን ለሰሜኖቹ አልከፋም። ክቡ እየጠበበ እየጠበበ መጥቶ በመጨረሻ የወደቀው በመሐል በተቀመጡት በእነርሱው በእስራኤል ላይ ነው። የተከሰሱበትም ጣዖት ብቻ አይደለም፤ ድኻውን በአንድ ጥንድ ጫማ መሸጣቸው ነው። በምዕራፍ 8 ደግሞ መስፈሪያውን አሳንሰው፣ ሚዛኑን አጣመው፣ የስንዴውን ግርድ የሚሸጡ ነጋዴዎች ሰንበት እስኪያልፍ እንዴት እንደሚቸኩሉ ይነግረናል። ይህን ስናነብ ከሱሉልታ በጠዋት የሚወርደውን ወተት፣ በየገበያችን የሚሸጠውን በርበሬና ቅቤ እናስብ። በወተት ላይ ውሃ፣ በበርበሬ ላይ የሸክላ ዱቄት መጨመር በአዲስ አበባ ምሽት ቤት የሚሠራ ኀጢአት አይደለም።

ስለ መሬትም እንዲሁ ነው። ኢሳይያስ በምዕራፍ 5 ቤትን ከቤት፣ እርሻን ከእርሻ የሚያያይዙትን ይወቅሳል። ሚክያስ በምዕራፍ 2 በአልጋቸው ላይ አስበው ሲነጋ እርሻና ቤት የሚነጥቁትን ወዮላቸው ይላል። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ከተማው ሲሰፋ የአባቱን ማሳ በትንሽ ካሣ የለቀቀ ገበሬ በሠፈራችን አለ። በ2015 ዓ.ም. ቤቱ ፈርሶበት ልጆቹን ይዞ ሜዳ ላይ የወደቀ ሰውም አለ። ሁለቱም ሚክያስን ቢያነቡ «ይህ ስለ እኔ የተጻፈ ነው» ይላሉ፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። የሚያሳዝነው አንዱ የሌላውን እንባ እንደ እግዚአብሔር ፍርድ የቆጠረው እንደሆነ ነው። ነቢያቱ ለተገፋ ሁሉ ተናገሩ እንጂ የተገፋውን ከተገፋው ጋር ለማጣላት አልተናገሩም።

«እኛ ግን ኢትዮጵያውያን ነን፤ እጆቿን ወደ እግዚአብሔር የምትዘረጋ አገር ናት» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ በመዝሙረ ዳዊት 67 (በዕብራይስጡ ቁጥር 68) ተጽፏል። ይህን ጥቅስ በየግድግዳው አንጠልጥለነዋል። ትንቢተ ሶፎንያስ ምዕራፍ 2 ቁጥር 12ን በግድግዳ ላይ የሰቀለ ሰው ግን እስካሁን አላየሁም። እዚያ እግዚአብሔር ኢትዮጵያውያንም በሰይፉ እንደሚመቱ ይናገራል፤ ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው፣ ምክንያት እንኳ አልተጨመረበትም። ያው ነቢይ በምዕራፍ 3 ቁጥር 10 ደግሞ ከኢትዮጵያ ወንዞች ማዶ የሚለምኑት ሰዎች ቍርባኑን ይዘው እንደሚመጡ ይናገራል። ፍርዱም ምሕረቱም በአንድ መጽሐፍ ውስጥ፣ በአንድ ገጽ ርቀት፣ በአንድ ስም ላይ ነው። በዕብራይስጡ ኩሽ የተባለው በመጀመሪያ ከግብጽ በስተ ደቡብ በዐባይ ዳር ያለው አገር መሆኑን የታሪክ ሊቃውንት ይናገራሉ፤ ሆኖም አባቶቻችን ስሙን ከነበረከቱ ከተቀበሉት ከነተግሣጹ መቀበል ይገባናል። አሞጽም በምዕራፍ 9 ቁጥር 7 እስራኤልን ከኢትዮጵያ ልጆች ጋር ሲያመሳስል ለእኛ ክብር ለመስጠት ብቻ አይደለም። እስራኤል በምርጫዋ ተማምና ፍርድን እንዳትንቅ ነው። ይህን ጥቅስ ለመመኪያ የሚያነሣ ሰው አሞጽ ሊያፈርሰው የመጣውን ግንብ መልሶ እየገነባው ነው።

እንግዲህ የነቢይ ሥራ መፍረድ ካልሆነ ምንድን ነው? በትንቢተ አሞጽ ምዕራፍ 7 ነቢዩ ሦስት ራእይ ያያል። በመጀመሪያ አንበጣ መጥቶ የምድሩን ለምለም ሲበላ ያያል። ያን ጊዜ «እሰይ፣ ይገባቸዋል» አላለም። ያዕቆብ ትንሽ ነውና እንዴት ይቆማል ብሎ ይለምናል፤ እግዚአብሔርም ይተዋል። ሁለተኛ እሳት ያያል፤ እንደገና ይለምናል፣ እንደገና ይቀርለታል። በሦስተኛው እግዚአብሔር ቱንቢ ይዞ በቅጥር አጠገብ ቆሟል። ዛሬ በየሠፈራችን ቤት የማይሠራበት ቦታ የለምና ቱንቢ ምን እንደሆነ አልነግራችሁም። ግንበኛው ገመዱን ሲለቀው እርሳሱ ለማንም አያዳላም፤ የተጣመመው ተጣሟል። በዚህ ጊዜ ነቢዩ አልለመነም። ምሕረት የተጣመመውን ግድግዳ ቀጥ ብሏል ብሎ መመስከር አይደለምና። ነገር ግን ወደ ቱንቢው የደረሰው ሁለት ጊዜ በመካከል ከቆመ በኋላ መሆኑን አንርሳ። ሕዝቅኤልም በምዕራፍ 22 እግዚአብሔር በፈረሰው ቅጥር ላይ ስለ ምድሪቱ የሚቆም አንድ ሰው ፈልጎ እንዳጣ ይነግረናል። ፍርድ የወረደው የሚፈርድ ሰው ጠፍቶ ሳይሆን የሚማልድ ጠፍቶ ነው።

ለዚህ በአገራችን፣ ያውም ከደጃችን የተነሣ ምሳሌ አለ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢዋ በተነሣው ጥቃት ሰዎች ተገደሉ፣ ቤትና ንብረት ተዘረፈ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ሸሽተው በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ተጠለሉ። ከተጎዱት መካከል ብዙዎቹ ከጋሞ ምድር መጥተው በሽመናና በሌላ ሥራ የሚተዳደሩ ወገኖች ነበሩ። ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቱ በቁጣ ወጣ። በዚያች ከተማ በሚኖሩ የኦሮሞ ተወላጆችና በንብረታቸው ላይ ሊበቀል ተነሣ። ያን ጊዜ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በመንገዱ ላይ በወጣቱ ፊት ተንበረከኩ። በጋሞ ባህል ሽማግሌ ሣር ይዞ ሲንበረከክ ረግጦት የሚያልፍ የለም፤ ወጣቱም ተመለሰ። ልብ አድርጉ፤ ተንበርካኪዎቹ በዳዮቹ አልነበሩም። ልጆቻቸው የሞቱባቸው፣ ወገኖቻቸው የተፈናቀሉባቸው ናቸው። ዮናስ ዳስ ሠርቶ ጥፋቱን ሊያይ የተቀመጠበትን ቦታ ለቀው፣ አሞጽ በቆመበት ቦታ ላይ ቆሙ። ስለዚህ ነገር በጉባኤያችን ብዙ ሲነገር አልሰማሁም። ቡራዩ ውስጥ ለምንኖር ግን ከማንም በላይ የእኛ ትምህርት ነበር፤ እዚህ የተቀጣጠለው እሳት እዚያ የጠፋው በእነዚያ ሽማግሌዎች ጉልበት ነውና።

አንዳንድ ወንድሞች ይህን ሲሰሙ «ታዲያ የሞተው ሰው ደም የትም ይቅር?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነቢያቱም አልተዉትም። የነነዌ ንጉሥ ያወጀው ጾም ብቻ አይደለም። በምዕራፍ 3 ቁጥር 8 እንደተጻፈው ሰው ሁሉ በእጁ ካለው ግፍ እንዲመለስ አዝዟል፤ እግዚአብሔርም ያየው ማቃቸውን ሳይሆን ከክፉ መንገዳቸው መመለሳቸውን እንደሆነ ቁጥር 10 ይነግረናል። ሕዝቅኤል በምዕራፍ 33 ኀጢአተኛው በሕይወት የሚኖረው መያዣውን ሲመልስ፣ የነጠቀውን ሲከፍል እንደሆነ በግልጽ ጽፏል። የዘረፈውን ቴሌቪዥን ቤቱ አስቀምጦ ሦስት ቀን የሚጾም ሰው የነነዌን ጾም አልጾመም፤ ምግቡን ብቻ አዘገየ። ገዳይም በሕግ ፊት መቅረቡ የነቢያት ትምህርት አይቃወመውም፤ አሞጽ ፍርድ በአደባባይ እንዲጸና የሚጮኸው ስለዚህ ነው። ሽማግሌዎቹ ያስቆሙት ፍርድን አልነበረም። ያስቆሙት ያልበደለው ሰው በበደለኛው ፋንታ እንዳይመታ ነው። በፍርድና በበቀል መካከል ያለው ልዩነት ይህ ይመስለኛል። ፍርድ በደለኛውን በስሙ ይፈልገዋል፤ በቀል ግን ዘሩንና ቋንቋውን ጠይቆ ይበቃዋል።

በነቢያት መጽሐፍ ውስጥ ፍርድ በወረደባት ከተማ መሐል ሆኖ ምሕረት ያደረገ አንድ ሰው አለ፤ እርሱም ኢትዮጵያዊ ነው። በትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 38 እንደተጻፈው ባቢሎናውያን ኢየሩሳሌምን ከበው ሳለ፣ መሳፍንቱ ኤርምያስን በጭቃ ጉድጓድ ውስጥ ጣሉት። በንጉሡ ቤት የነበረው ጃንደረባ ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ ወደ ንጉሥ ሴዴቅያስ ቀርቦ ለነቢዩ ተከራከረለት፤ ሰዎችም ተሰጥተውት ሊያወጣው ሄደ። እዚህ ላይ እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ አንድ ትንሽ ነገር አለ። አቤሜሌክ ገመድ ብቻ አላወረደም። አስቀድሞ ወደ ዕቃ ቤት ገብቶ አሮጌ ጨርቅና እራፊ ፈልጎ አመጣ፤ ገመዱ እንዳይቆርጠው በብብቱ ሥር እንዲያደርገው ለኤርምያስ ላከለት። ከተማይቱ ተከባለች፣ እንጀራ አልቋል፣ ሁሉ ለነፍሱ ይሮጣል፤ እርሱ ግን የአንድ እስረኛ ብብት እንዳይላጥ ይጨነቃል። ኢየሩሳሌም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ586 ዓመት ገደማ ወደቀች። በምዕራፍ 39 መጨረሻ ግን አቤሜሌክ በእግዚአብሔር ስለታመነ ነፍሱ እንደምትተርፍለት ተነግሮታል። በእኛ ቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት በተረፈ ባሮክ ደግሞ ይኸው አቤሜሌክ የከተማይቱን ጥፋት እንዳያይ በዛፍ ጥላ ሥር 66 ዓመት እንደተኛ፣ ሲነቃም በሙዳዩ የያዘው በለስ ገና ትኩስ እንደነበረ ተጽፎለታል።

እነሆ ሁለት ጥላዎች። ዮናስ ከጥላው በታች ሆኖ ጥፋትን ሊያይ ይጠባበቃል፤ አቤሜሌክ በጥላው ሥር ጥፋትን እንዳያይ ያንቀላፋል። የመጀመሪያው ነቢይ ነው፤ ሁለተኛው የቤተ መንግሥት አገልጋይ፣ ያውም ባዕድ። የዮናስን ጥላ ትል በላው። ቅሉ በደረቀ ጊዜም ዮናስ እስከ ሞት ድረስ አዘነ። እግዚአብሔር ግን ስለ አንዲት ሌሊት ቅል ያዘነውን ሰው፣ ቀኛቸውን ከግራቸው የማይለዩ ከ120,000 የሚበልጡ ሰዎች ስላሉባት ከተማ ጠየቀው። በዚያም ላይ ከብቶቹን ጨመረለት። ይህ የከብት ነገር ለሊቃውንት እንዴት እንደሚተረጎም አላውቅም እንጂ፣ በሱሉልታ ሜዳ ድርቆሽ የሚያጭድ ገበሬ ያለ ትርጓሜ ይገባዋል። መጽሐፉ የዮናስን መልስ ሳይነግረን በጥያቄ ያበቃል።

በሚመጣው እሑድ ከጉባኤ በኋላ በሚደረገው ጥናት ትንቢተ ናሆምን ሦስቱንም ምዕራፍ አንብበን ከዮናስ ጋር እናነጻጽራለን። ስለዚህ እያንዳንዳችሁ መጽሐፍ ቅዱሳችሁን ይዛችሁ ኑ። በተለይ በናሆም ምዕራፍ 3 ከቁጥር 8 እስከ 10 ያለውን፣ ኢትዮጵያ ብርታቷ ስለነበረችው ስለ ግብጿ ከተማ ስለ ኖእ አሞን የተነገረውን፣ አስቀድማችሁ አንብቡት። ነነዌን የሚገሥጸው ናሆም ያንን ምሳሌ ለምን እንደመረጠ እንወያይበታለን። ከታናናሾቹ ክፍል የምታስተምሩ እኅቶችም፣ በዘንድሮው የነነዌ ትምህርት ላይ አራተኛው ምዕራፍ ለሕፃናቱ እንዴት ሊቀርብ እንደሚችል ያሰባችሁትን ጽፋችሁ ለዝግጅት ክፍሉ ብትሰጡ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።